«ኦርጅናል ነው» ለሚለን ሰው ምን ጥያቄ እናቅርብለት?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ብሂል። ከመርካቶ የመኪና መለዋወጫ፣ የእጅ ስልክ ወይም ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ «ኦርጅናል» የሚለውን ቃል በሚገባ ያውቀዋል። ሻጩ ቃሉን እንደ መሐላ ይናገረዋል፤ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ መሐላ ይቀበለዋል። ቃሉ ስለ ዕቃው ውበት ወይም ጥንካሬ የሚናገር ይመስላል። በእውነቱ ግን የሚናገረው ስለ ዕቃው ታሪክ ነው። «ይህ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ማንም አልለወጠውም» ማለት ነው። ማናችንም በዓይናችን ስላላየነው ያለፈ ድርጊት የሚነገር ቃል ስለሆነም እውነትነቱን መርምሮ መለየት የሳይንስ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምርመራ ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረውን ጥያቄ ነው። አንድ አሮጌ ክሩዘር ብስክሌት ከፋብሪካው እንደወጣ ያለ ነው ወይስ በኋላ የተለወጠ? ብስክሌትን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከብስክሌት አብዛኛው ክፍል ለዓይን የተገለጠ ነው፤ ለመመርመርም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የበለጠ ዕውቀት አይጠይቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ከየት መጣ?

ክሩዘር ወፍራም ጎማ፣ ሰፊ መቀመጫና ወደ ነጂው የተመለሰ ረጅም መሪ ያለው፣ ሲነዱትም ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ከባድ ብስክሌት ነው። አብዛኞቹ የእጅ ፍሬን የላቸውም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት በኋላ ጎማ እምብርት (በሞዞው) ውስጥ ያለው ፍሬን ይይዛል። ትውልደ ጀርመን የሆነው ኢግናዝ ሽዊን ከአዶልፍ አርኖልድ ጋር በ1895 በቺካጎ የመሠረተው ኩባንያ፣ በ1933 ስፋቱ 2.125 ኢንች የሆነውን ባሉን ጎማ ለአሜሪካ ገበያ ካቀረበ በኋላ የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ዋነኛ አምራች ሆነ። በ1949 ያወጣው «ብላክ ፋንተም»፣ ክሮም የበዛበትና የፊት ሹካው ሞላ የተገጠመለት ሞዴል፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው።

የክርክሩ ምንጭ የሚከተለው ነው። ኩባንያው አንድን ዓይነት ፍሬም ለብዙ ሞዴሎች ይጠቀምበት ነበር። ተራውን ሞዴል ከውዱ የሚለየው በአመዛኙ በላዩ የሚገጠመው ነገር ነበር፦ ፓራፋንጎው፣ መብራቱ፣ የፊት ሹካው፣ የማርሹ ዓይነት። በፍሬሙ ላይ የተመታው መለያ ቁጥርም ሞዴሉን አይናገርም። ስለዚህ ተራ ብስክሌት የያዘና የውዱን ሞዴል ዕቃዎች ያገኘ ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራውን ውድ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ይበልጥ ያቀለለው ደግሞ አሮጌውን አስመስለው የሚሠሩ አዳዲስ ዕቃዎች በገበያ መኖራቸው ነው። የኩባንያው ስም ያለበት ብላክ ፋንተም ራሱ በ1995፣ የመቶኛ ዓመቱ መታሰቢያ ሆኖ፣ እንደገና ተመርቶ ተሽጧል።

የጽሑፍ ማስረጃ ፈልጎ ማግኘትም ሁልጊዜ አይቻልም። ከ1948 በፊት የነበረው የመለያ ቁጥር መዝገብ በእሳት ጠፍቷል። የቺካጎው ፋብሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አቁሟል፤ ኩባንያውም በ1992 የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠይቆ ስሙ ወደ ሌሎች ባለቤቶች ተላልፏል። ወረቀቱ ሲጠፋ የሚቀረን ምስክር ብረቱ ነው።

ብረቱ ምን ይመሰክራል?

አንደኛው ምስክር ጊዜ ነው። ከ1965 ጀምሮ በቺካጎ የተመታው መለያ ቁጥር በሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ይነግረናል። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው የስተርሜ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞም የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተቀርጸውበት ይገኛል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሕግ አለ፦ ዕቃ ከብስክሌቱ ቀድሞ ሊሠራ ይችላል፣ መጋዘን ውስጥ ተራውን ጠብቆ ሊሆን ይችላልና፤ ከብስክሌቱ ዘግይቶ ከተሠራ ግን ከፋብሪካ አብሮት አልወጣም። ፍሬሙ የ1966፣ ሞዞው የ71 ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ሞዞው በኋላ የገባ ነው። ሞዞው የ65 ከሆነ ግን ያወቅነው ነገር ቢኖር ሁለቱ እንደማይጋጩ ብቻ ነው። ሰው በኋላ ፈልጎ ዓመቱ የሚስማማ ሞዞ ሊያስገባ እንደሚችል መዘንጋት የለብንም።

ሁለተኛው ምስክር ርዝመት ነው። የፔዳል ፍሬን ያለው ባለ አንድ ማርሽ የኋላ ጎማ በተለመደው አሠራር በፍሬሙ ሁለት ጫፎች መካከል 110 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። የዚያ ዘመን ባለ አምስት ማርሽ ጎማ ግን 120 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ባለ አንድ ማርሹን ወደ ባለ አምስት የለወጠ ሰው ጫፎቹን በየጎናቸው 5 ሚሊ ሜትር መክፈት ይኖርበታል። የኋላው ቱቦ ርዝመት 440 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ይህ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ መታጠፍ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ብረት እንደ ሞላ ነው፤ ከመለጠጥ ወሰኑ እስካላለፈ ድረስ የያዘው ኃይል ሲነሣለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ጎማውን አውጥቶ ክፍተቱን መለካት ይበቃል። ክፍተቱ ወደ 110 ከተመለሰ ፍሬሙ ለጠባቡ ጎማ የተሠራ እንደነበር ጠቁሞናል። ከወሰኑ አልፎ ታጥፎ ከቀረ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርሳቸው ትይዩ መሆናቸውን እንመረምራለን፤ በኃይል የተከፈተ ፍሬም ጫፎቹ ወደ ውጭ ያዘነብላሉና። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካው ራሱ በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ልዩነት አይቶ መፍረድ አይገባም፤ የመለኪያን ስሕተት መጠን የማያውቅ ሰው ልኬቱንም አያውቅም።

ሦስተኛው ምስክር ቀለም ነው። የፔዳል ፍሬን ያለው ሞዞ ፍሬኑ በተያዘ ጊዜ አብሮ እንዳይዞር የሚያግደው ክንድ አለው፤ ክንዱም በግራ በኩል ባለው የኋላ የታችኛ ቱቦ ላይ በቀለበት ይታሰራል። ቀለበቱ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ቀለሙ ይፋቃል፣ ወይም ፀሐይ ስላላገኘው ከአካባቢው ደምቆ ይቀራል። ዛሬ የእጅ ፍሬን ባለው ብስክሌት ላይ ይህ ምልክት ከታየ ብስክሌቱ ታሪኩን ተናገረ ማለት ነው። ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው። ከቀለም በፊት በፋብሪካ የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ቀለም አለው፤ ከቀለም በኋላ የተበሳ ግን ጠርዙ የተራቆተና የዛገ ነው። ፍሬሙ እንደገና ተቀብቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ይረዳል። የማግኔት ስበት ከርቀት ጋር በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ በተሞላበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ሲደክም በእጃችን ይሰማናል።

አራተኛው ምስክር ብዙዎችን ያሳሳተ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ 1¾ እና 1.75 አንድ ቁጥር ናቸው። በብስክሌት ጎማ ዓለም ግን 26×1¾ እና 26×1.75 የተባሉት ሁለት የተለያዩ ጎማዎች ናቸው። ሽዊን በ1950ዎቹ አጋማሽ መካከለኛ ክብደት ላላቸው ብስክሌቶቹ ያወጣው ቸርኬ፣ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 571 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው የባሉን ጎማ ቸርኬ ደግሞ 559 ሚሊ ሜትር ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዙሪያው ሲሰላ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ይደርሳልና አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። መካከለኛ ክብደት ባለው የዚያ ዘመን ብስክሌት ላይ 559 ቸርኬ ያየ ሰው ቸርኬዎቹ መለወጣቸውን መጠርጠር ይገባዋል። ጎማው ላይ የተጻፈውን ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው ግን ይህ ያመልጠዋል። በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ቁጥር በዕቃው ላይ እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥልን ሜትር ብቻ ነው።

ማፍረስ ቀላል፣ ማጽናት ከባድ

አንባቢ እስካሁን አንድ ነገር ሳያስተውል እንዳልቀረ እንገምታለን። ከላይ የዘረዘርናቸው ፈተናዎች ሁሉ መለወጥን በእርግጠኝነት ወይም ወደ እርግጠኝነት በተጠጋ ደረጃ ያሳያሉ። አለመለወጥን ግን አንዳቸውም አያሳዩም። አንድ የማይስማማ ቀን «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል ያፈርሰዋል፤ አሥር የሚስማሙ ቀኖች ግን ጨርሰው አያጸኑትም። ይህ የብስክሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሳይንስ ጽንሰ ሐሳቦች ሁሉ የቆሙት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ተፈትነው ያልወደቁ ናቸው እንጂ ለዘለዓለም የጸኑ አይደሉም።

ታዲያ ምን ያህል እንመን? ይህን በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። «ውድ ሞዴል ናቸው» ተብለው የቀረቡ 200 ብስክሌቶች አሉ እንበል፤ በእውነት ውድ ሞዴል የሆኑት 10 ብቻ፣ የቀሩት 190 የተለወጡ ናቸው። አንድ ፈተና ከተለወጡት 90 በመቶውን ይይዛል፤ እውነተኞቹን ደግሞ አይጥልም። ፈተናውን የሚያልፉት 10ሩ እውነተኞችና ያመለጡት 19 ናቸው። ይህን ጥሩ ፈተና ካለፉት 29 ብስክሌቶች መካከል እውነተኛው ሲሶው ብቻ ነው ማለት ነው! ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር ግንኙነት የሌለው ፈተና ብንጨምር ያመለጡት ወደ 2 ይወርዳሉ፤ ከ12ቱ 10ሩ እውነተኞች ይሆናሉ። ሦስተኛ ብንጨምር ጥርጣሬያችን ወደ ሁለት በመቶ ይጠጋል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር «ግንኙነት የሌለው» የሚለው ሐረግ ነው። የቀለሙ ድምቀት፣ የጽሑፉ ንጣትና የዓርማው ውበት ሦስት ምስክሮች ይመስላሉ። ብስክሌቱ እንደገና ተቀብቶ ከሆነ ግን ሦስቱም የአንድ ቀን የአንድ ሰው ሥራ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ የተናገረ አንድ ምስክር እንጂ ሦስት ምስክሮች አይደሉም። በአንጻሩ የሞዞው ቀን፣ የፍሬሙ ክፍተትና የቀለበቱ ምልክት ከተለያየ ምንጭ የመጡ ናቸው። ሁሉንም በአንድነት ማስዋሸት ለአጭበርባሪው ከባድ ነው። ማስረጃ ሲመዘን ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ምንጩ መለያየቱንም ማየት ይገባል። ተማሪዎቻችን ይህን በሌላ ቦታም ይሞክሩት፤ አምስት ሰው የነገራቸው ወሬ ከአምስት ምንጭ መምጣቱን ወይም አምስቱም ከአንድ ሰው መስማታቸውን ይጠይቁ።

መለወጥ ነውር ነውን?

«ብስክሌት የሚሠራው ሊነዳ ነው፤ ዕቃው ቢለወጥ ምን ነውር አለው?» የሚለን ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ጎዳና ላይ የሚሄድ ብስክሌት ያለቀ ዕቃው በተገኘው ተተክቶለት ዓመታት ቢያገለግል የጠጋኙ ብልሃት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። እኛም የምንነቅፈው መለወጥን አይደለም፤ የተለወጠውን «አልተለወጠም» ማለትን ነው።

እንዲያውም በክሩዘሮች ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ቦታ ያላቸው የተለወጡት ናቸው። በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በምትገኘው የማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና 40ዎቹ የተሠሩ ክሩዘሮችን በርካሽ እየገዙ በተራራ መንገድ ቁልቁል ይነዷቸው ነበር። ከ1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት መንገድ ከላይ እስከ ታች 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብንል፣ የሚለቀቀው እምቅ ጉልበት 353 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት የአንድ ሊትር ውሃን ሙቀት በ84 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ማድረግ ይችላል። የፍሬኑ ሙቀት የሚያርፈው በአንዲቱ የኋላ ሞዞ ላይ ስለነበር ግራሶው እየነደደ ይጨስ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም ሞዞውን ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። መንገዱ እስከ ዛሬ «ሪፓክ»፣ ማለትም «እንደገና ሙላ»፣ ተብሎ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጋሪ ፊሸርና ጓደኞቹ በእነዚህ ክሩዘሮች ላይ የእጅ ፍሬንና በርካታ ማርሽ ገጠሙ። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ዓላማ አዲስ ፍሬም ሠራ። የተራራ ብስክሌት የተባለው ዓይነት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታየው፣ ከእነዚህ የተለወጡ ክሩዘሮች የተወለደ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከነዚያ ብስክሌቶች አንዱን አግኝቶ «ወደ ኦርጅናሉ ልመልሰው» ብሎ ማርሹንና ፍሬኑን ነቅሎ፣ ፍሬሙን አስፍቆ አዲስ ቀለም ቢቀባው ምን አደረገ እንላለን? የ1930ዎቹን ብስክሌት አላገኘም፤ የ1970ዎቹን ታሪክ ግን አጠፋ። ጥንታዊ ብራና ፍቆ አዲስ ጽሑፍ ከሚጽፍበት ሰው በምን ይለያል?

የእኛ አቋም

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ «ኦርጅናል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። የቱ ክፍል? ፍሬሙ፣ ሞዞው፣ ቀለሙ ወይስ ሁሉም? ከየትኛው ዕለት ጀምሮ? የመጀመሪያው ሻጭ ገዢው በጠየቀው መሠረት መብራት ወይም መቀመጫ ለውጦ አስረክቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የፋብሪካ ሥራ ባይሆንም ማጭበርበርም አይደለም። ቃሉ በዝርዝር ሲነገር ብቻ ሊፈተን ይችላል፤ ሊፈተን የማይችል ቃል ደግሞ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ፍርዳችንን በደረጃ እንግለጽ። «በእርግጥ ተለውጧል»፣ «ምልክት አላገኘንበትም»፣ «ሦስት ምንጫቸው የተለያየ ፈተናዎችን አልፏል» የሚሉት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ሁሉንም «ኦርጅናል» እና «ፎርጅድ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ መግለጽ ያወቅነውንም ያላወቅነውንም አንድ ላይ መቅበር ነው።

ሦስተኛ፣ ከማደስ በፊት መመዝገብ ይቅደም። ዝገትን ማራገፍ፣ ክሮም ማስነከርና ቀለም መቀባት የማይመለሱ ሥራዎች ናቸው። የተፋቀው ቀለም ላይ የነበረው የቀለበት ምልክት ዳግም አይገኝም። ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቁጥሮችን መገልበጥና ክፍተቶችን መለካት ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ይህ በብስክሌት ብቻ ሳይሆን በአሮጌ ሬዲዮ፣ በጥንታዊ ሥዕልና በአያቶቻችን ቤት ዕቃ ላይም የሚሠራ ምክር ነው።

ተማሪዎቻችን በቤተ ሙከራ ቨርኒየር ካሊፐርን የሚያውቁት የመዳብ ሽቦ ውፍረት ለክተው ለፈተና መልስ ሊጽፉበት ነው። ከቤተ ሙከራው ውጭም ይጠቀሙበት ዘንድ እንመኛለን። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው በሙሉ ልብ «ኦርጅናል ነው» ሲላቸው አይከራከሩት፤ አይመኑትም። «ውሸት ቢሆን ኖሮ በምን እናውቀው ነበር?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን አብረውት ይለኩ።